ጉንፋን ለያዘው ከፈን

በዚህች ከተማ ኮምፒዩተር ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው። ቢንቀራፈፍም፣ ፎልደር ቢጠፋበትም፣ ማንም ያላዘዘውን ማስታወቂያ ቢደረድርም፣ ከነጭራሹ «አልነሣም» ቢልም መድኃኒቱ ያው ነው፤ «ፎርማት ይደረጋል!» ከመርካቶ እስከ ፒያሳ፣ ከቦሌ እስከ ስድስት ኪሎ መልሱ አይለወጥም። ራስ ምታት የያዘውንም፣ ወስፋት ያስቸገረውንም፣ እግሩ የተሰበረውንም በአንድ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ቢኖር ፈቃዱን የሚነጥቀው ባይገኝ እንኳ የሰፈሩ ሰው በድንጋይ ያባርረው ነበር። ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ግን እንከፍለዋለን። ያውም አመስግነን!

የምለውን ከመነሻው ልናገር። ፎርማት ማለት ዲስኩን ባዶ አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ይህ ሥራ ቦታ አለው፤ ቦታውን ኋላ እናየዋለን። ሳይመረምሩ፣ ሳይጠይቁ፣ ፋይሉን ሳያወጡ ፎርማት ማድረግ ግን ጥገና አይደለም። የደንበኛን ንብረት ማጥፋት ነው። ቫይረሱ ያላጠፋውን ባለሙያው ያጠፋል፤ ቫይረሱ የገባበትን በር ደግሞ ወለል አድርጎ ትቶት ይሄዳል።

«ፋይል» የምትለው ቃል ነገሩን ታቀለዋለች። ፋይል ሲባል የቢሮ ወረቀት ይመስለናል። እስቲ አንድ ቤት ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን እንቁጠር። የሰርግ ፎቶ አለ፤ ያውም አንሺው ኮፒውን ካስወገደ ዓመታት ያለፉት። ውጭ አገር ያለችው ልጅ የላከችው የልጅ ልጆች ቪዲዮ አለ። ሁለት ዓመት የተለፋበት የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። የእድሩ የመዋጮ መዝገብ አለ። የትንሿ ሱቅ የዱቤ ዝርዝር አለ። የሟች አባት ድምፅ አለ። ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ያገለገለም ቢሆን ሌላ ይገዛል። የአባት ድምፅ ግን መርካቶ ውስጥ ቢዞሩ አይገኝም።

ንግግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት እናት ላፕቶፑን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ምን ሆኖብኝ ነው?»

«ቫይረስ ገብቶበት ነው እናቴ። ፎርማት እናደርገዋለን።»

«ምን ዓይነት ቫይረስ?»

«ቫይረስ ነዋ!»

«ፎቶዎቹስ?»

«እ… እነሱን እንግዲህ ቫይረሱ በልቷቸዋል። ለነገ ይድረስልዎት?»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ጥፋት አለ። የበሽታው ስም አልታወቀም። ፎቶዎቹ ይኑሩ አይኑሩ አልታየም። የዕቃው ባለቤትም ምን ሊደረግ እንደሆነና ምን እንደሚያስከትል ተነግሯቸው አልፈቀዱም። «በልቷቸዋል» ያለው ልጅ እኮ ዲስኩን ከፍቶ አላየም። ገና ፌስታሉ እንኳ አልተፈታም!

ቫይረስ ስም አለው። ከጥንትም አለው። በፒሲ ኮምፒዩተሮች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የተሠራጨው ቫይረስ «ብሬይን» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታኗ ላሆር ከተማ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የሚባሉ ወንድማማቾች የጻፉት ነው። ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር ውስጡ አስቀምጠውበት ነበር። «ፕሮግራማችንን ያለ ፈቃድ የሚገለብጡትን ለማወቅ ነው» ብለዋል። ልብ በሉ፤ የፒሲ ቫይረስ ታሪክ ገና ከመነሻው ከተሰረቀ ኮፒ ጋር የተቆራኘ ነው። ወደዚህ ጉዳይ እንመለስበታለን። ለጊዜው የሚገርመኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ቫይረስ ጸሐፊዎች ስምና አድራሻ ትተው ሲሄዱ የእኛ ባለሙያ «ቫይረስ ነዋ!» ብሎ ማለፉ ነው።

ስሙን ማወቅ ለዕውቀት ያህል አይደለም። መድኃኒቱን የሚወስነው እሱ ነው። ሦስት በሽታዎችን ብቻ እንይ፤ ፎርማት የሚባለው መርፌ በእያንዳንዳቸው ላይ ምን እንደሚሠራም አብረን እንታዘብ።

አንደኛው ተማሪው ሁሉ የሚያውቀው «ሾርትከት ቫይረስ» ነው። ፍላሻችሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሰካላችሁ፤ ቤት ስትደርሱ ፎልደሮቻችሁ የሉም፤ በምትካቸው ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምስሎች ተደርድረዋል። ሰው ይደነግጣል። ነገር ግን የጠፋ ነገር የለም። ቫይረሱ ያደረገው ፎልደሮቹ ላይ «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ለጥፎ ከዓይን መሰወር ብቻ ነው። ቀስት ያለበትን ምስል ስትጫኑ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፤ ቀጥሎ ፎልደሩ ይከፈታል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው መያዙን እንኳ አያውቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ምስሎቹን ሳይነኩ በጸዳ ኮምፒዩተር ላይ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማጥራት፣ ከዚያ ድብቅ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ፣ በመጨረሻም ከዶስ ዘመን ጀምሮ ባለችው «አትሪብ» በምትባለው ትእዛዝ ምልክቱን ማንሣት። ለዚህ ፎርማት ማዘዝ ቁም ሣጥን ውስጥ የተደበቀን ልጅ «ሞቷል» ብሎ ድንኳን እንደ መትከል ነው።

ሁለተኛው «ሳሊቲ» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚታወቅ የቆየ በሽታ። ዋነኛ ዒላማው ሰነድና ፎቶ አይደለም፤ ፕሮግራም ነው። በዲስኩ ክፍሎች ሁሉ እየዞረ ባገኘው የፕሮግራም ፋይል ውስጥ ራሱን ይሰካል። ታስክ ማናጀርን ይዘጋል፤ ኮምፒዩተሩ በሴፍ ሞድ እንዳይነሣ ያደርጋል። ባለሙያችን ምን ያደርጋል? ሲ ድራይቭን ፎርማት ያደርግና ዲ ድራይቭን እንዳለ ይተወዋል። ዲ ላይ ደግሞ «ሶፍትዌር» የሚባል ፎልደር አለ፤ ለዓመታት የተጠራቀመ፣ ሁሉም የተበከለ። ባለቤቱ አዲስ በተጫነው ዊንዶውስ ላይ ከዚያ ፎልደር አንዱን ፕሮግራም ሲከፍት ቫይረሱ «ቤቶች!» ብሎ ይገባል። በሳምንቱ ያቺው ፌስታል ተመልሳ ትመጣለች። ሌላ ፎርማት፣ ሌላ ክፍያ። እዚህ ላይ ፎርማቱ ማጥፋት የማይገባውን አጠፋ፤ ማጥፋት የሚገባውን ደግሞ ተወ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ሦስተኛው ወንበዴው ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው፣ «ራንሰምዌር» የሚባለው። ከዚህ ዘር የቤት ኮምፒዩተሮችን እጅግ ካስለቀሱት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የተስፋፋው «ስቶፕ» ነው። በአብዛኛው የሚመጣው ክራክ በምንለው የተሰረቀ ሶፍትዌር መክፈቻ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ፋይላችሁን ቆልፎ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ «በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገራችሁን 490 ይሁንላችሁ» እያለም እንደ ልብስ ነጋዴ ቅናሽ ያደርጋል።

እንግዲህ ስሙት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የጸጥታ ሶፍትዌር ኩባንያዎች ጋር ሆነው «ኖ ሞር ራንሰም» የሚል የጋራ ሥራ ጀመሩ፤ ዓላማው የተገኙ መፍቻዎችን ለተጠቂዎች በነጻ ማደል ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ደግሞ ኤምሲሶፍት የሚባል ኩባንያ በጊዜው ከታወቁት 160 የስቶፕ ዝርያዎች የ148ቱን መፍቻ በነጻ አወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዝርያዎች ጠንከር ያሉ ናቸውና ሁሉም ይፈታል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን አስቡት። በዚያው ዓመት በአፕሪል ፋይሏ የተቆለፈባትና ዲስኩን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠች ሴት በኦክቶበር ፎቶዎቿን የማየት ዕድል ነበራት። ፎርማት ያስደረገችው ግን ቁልፉ ሲመጣ ሣጥኑ የላትም። ደግሞም ይህ ቫይረስ ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው መጀመሪያ ላይ ያለውን 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የትልልቅ ቪዲዮዎች አብዛኛው አካል ሳይነካ ይቀራል፤ ቁልፉ ባይገኝ እንኳ የሰርጉ ቪዲዮ ተጠግኖ ሊታይ የሚችልበት መንገድ አለ። «በልቷቸዋል» የተባሉት ፋይሎች ሥጋቸው እዚያው ነበር ማለት ነው!

የአገራችን የሆነ አራተኛ ጉዳይም አለ፤ እሱ በሽታ እንኳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰነድ አለን። እነዚህ ሰነዶች በቆዩት የፊደል ቅርጾች ከተጻፉ ቅርጹ ኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለ የሚታዩት እንደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ነው። ፎርማት ተደርጎ የፊደሉ ፕሮግራም ሳይመለስ ሲቀር ባለቤቱ ሰነዱን ከፍቶ ያንን ጉድ ያያል። «ቫይረሱ አበላሽቶታል» ይባላል። ሰውየውም ይሰርዘዋል። አንድ የፊደል ፋይል ቢጫን የሚነበበው ጽሑፍ፣ የቃል ኪዳን ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የሟች አጎት ግማሽ የደረሰ መጽሐፍ እንዲሁ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይሄዳል። ከቫይረስ ጸሐፊዎች ሁሉ ተደምረው ይህን ያህል አማርኛ ያጠፉ አይመስለኝም።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ቤታችሁ ሌባ ቢገባ መጀመሪያ የምታዩት በየት እንደገባ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የእኛ ጥገና ግን ሥሩን አይነካም። ይባስ ብሎ ራሱ በር ይከፍታል። ከፎርማት በኋላ የሚጫነው ዊንዶውስ ምንጩ የማይታወቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የኖረ ኮፒ ነው። እሱን ለማስነሣት ክራክ ያስፈልጋል። የክራኩ መመሪያ ደግሞ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። አንብበን እናጠፋለን! ዘበኛውን አሰናብተን ሌባውን «ግባ፣ ተጫወት» እንላለን። ቀጥሎ ኮፒው እንዳይታወቅ ተብሎ አፕዴቱ ይዘጋል። ይሄ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ላፕቶፑ «ጸድቷል» ተብሎ ለባለቤቱ ይሰጣል።

የአፕዴት መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ሁለት ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2008 ማይክሮሶፍት ለአንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። በቀጣዩ ወር በዚያው ቀዳዳ «ኮንፊከር» የሚባለው ትል መሠራጨት ጀመረ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ በፍላሽ መጓዝም ለመደ። እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ሌላ መድፈኛ ወጣ፤ ሜይ 12 ቀን «ዋናክራይ» ተነሣ። በጥቂት ቀናት በ150 አገሮች ያህል ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮች ተያዙ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ሁለቱንም ጊዜ መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። የተያዘው በአመዛኙ ያልወሰደው ነው። እኛ ደግሞ መድኃኒቱ እንዳይደርሰን ገንዘብ ከፍለን በሩን እናዘጋለን።

«ታዲያ ሕጋዊ ዊንዶውስ በምን አቅማችን?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። በመምህር ደመወዝ የሚደፈር ዋጋ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል ብዬ ሕግ ብጠቅስም ኪሳችሁ አይሞላም። ግን አንድ ነገር ስሙኝ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ላፕቶፖች በአብዛኛው የፈቃድ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦላቸው ነው የሚመጡት። ንጹሑን ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት አውርዶ ቢጭኑት ቁልፉን ራሱ ያገኘዋል፤ ክራክ አይፈልግም። ባለሙያችን ግን ያንን አይመለከትም። ባለቤቱ ላፕቶፑን ሲገዛ የከፈለበትን ሕጋዊ ዊንዶውስ አጥፍቶ የተሰረቀ ይጭንለታል። እንዴ! የራሱን ጋቢ ገፍፎ የሌላ ሰው ቡትቶ ማልበስ እኮ ነው። ያውም አስከፍሎ። ቁልፍ ለሌለው ኮምፒዩተር ደግሞ እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ ሲስተም አለ፤ ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለማየትና ፊልም ለመመልከት ይበቃል። አንቲቫይረስም ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባለው አብሮ ይመጣል፤ ነጻ ነው። «አቅም የለንም» የምንለው ግማሹ አቅም ሳይሆን ልማድ ነው።

ባለሙያዎቹ የሚሰጡትን መልስም አውቀዋለሁ፤ ፍትሕ ለማድረግ ላቅርበው። «ደንበኛው ዛሬ ጠዋት አምጥቶ ማታ ይፈልጋል። ምርመራ ብለን ሁለት ቀን ብናቆይ ጎረቤት ያለው ሱቅ በሁለት ሰዓት ይሠራለታል። ለምርመራ የሚከፍል የለም፤ የሚከፈለው ለፎርማት ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። ቲማቲም ስንገዛ አገላብጠን የምናይ ሰዎች የአሥር ዓመት ሕይወታችንን ለማናውቀው ሰው አስረክበን «ማታ ይደርስልኛል?» ብቻ ነው የምንጠይቀው። ፈጣን መጥፎ ሥራ የሚገዛ ሰው እስካለ ድረስ ፈጣን መጥፎ ሥራ ይሸጣል።

ሁለተኛው መልሳቸው ይበልጥ ይከብዳል። «ፎርማት እርግጠኛ ነው። ማጽዳት ግን አንድ ነገር ይቀራል» ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ቫይረሱ ሥር ከሰደደ፣ ሲስተሙን ከቀየረ፣ ፓስዎርድ ሰርቆ ከሆነ አፍርሶ መጫን ትክክለኛው ሕክምና ነው። ይህን የሚክድ ሰው ሥራውን አያውቅም። እኔም የምቃወመው ፎርማትን አይደለም፤ የፎርማትን ቦታ መቀየር ነው። መጨረሻ መሆን የሚገባው መጀመሪያ ሆነ። ቀዶ ሕክምናም እኮ ያድናል፤ ግን ሐኪሙ ከበር ላይ ቢላ ይዞ አይቀበላችሁም።

ቅደም ተከተሉ ታዲያ የቱ ነው? መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት መንቀል፤ የማንንም ንጹሕ ፍላሽ አለመሰካት። ሁለተኛ ፋይሉን ማውጣት። የታመመውን ዊንዶውስ ማስነሣት አያስፈልግም፤ በሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ በተዘጋጀ የኡቡንቱ ፍላሽ አስነሥቶ ዲስኩን ከውጭ ሆኖ ማየት ይቻላል። የዊንዶውስ ቫይረስ በዚያ በኩል አይነሣም። ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ፣ ሰነድና የአማርኛ ፊደል ፋይሎች ይገለበጡ፤ የፕሮግራም ፋይሎች ግን ይቅሩ፤ ሳሊቲን የመሰለ በሽታ የሚዞረው በእነሱ ነው። ሦስተኛ የተገለበጠውን መመርመርና በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከየፎልደሩ ጥቂት ከፍቶ ማየት፤ «ገልብጫለሁ» እና «ይከፈታል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አራተኛ በሽታውን በስሙ መለየት። አምስተኛ መወሰን፤ የሚጸዳ ከሆነ ማጽዳት፣ የማይጸዳ ከሆነ ዲስኩን በሙሉ፣ ዲ ድራይቭን ጨምሮ፣ አጥፍቶ ከንጹሕ ምንጭ መጫን። ስድስተኛ በሩን መዝጋት፤ አፕዴቱን መክፈት፣ ዲፌንደሩን ማስነሣት፣ የኢሜይልና የባንክ ፓስዎርዶችን ከሌላ ጤነኛ መሣሪያ ላይ መቀየር። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ካበቃ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዛሬ እነዚህን «አዲስ ጭኜልዎታለሁ» የሚል ሰው ያለፈበት ወተት እየሸጠ ነው።

ፎርማቱ አንዴ ከተደረገስ? ያኔም «በቃ» አትበሉ። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው የመጽሐፉን ማውጫ እንጂ ገጾቹን አይደለም። አዲስ ነገር እስካልተጻፈባቸው ድረስ ገጾቹ በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቆያሉ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ወዲያው ማጥፋት፣ ምንም አለመጫን፣ ፊልም አለመገልበጥ፤ ከዚያ ፋይል መመለስ ለሚችል ሰው መስጠት። ኤስኤስዲ በሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ ግን ሲስተሙ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ተስፋው በጣም ይጠብባል። በዘመነ ኤስኤስዲ የችኩል ፎርማት ኃጢአት የበለጠ ከባድ የሚሆነውም በዚህ ነው። ድሮ ይቅር የሚባል ነበር፤ አሁን ይቅርታ የለውም።

የሁሉም ነገር መጀመሪያ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንድ ኮፒ ኮፒ አይባልም። ፎቶው ኮምፒዩተሩ ላይ ካለ ሁለተኛ ኮፒ ውጫዊ ዲስክ ላይ ይኑር፤ ሦስተኛው ሌላ ቤት፣ እህት ወይም ወንድም ዘንድ ይቀመጥ። ውጫዊው ዲስክ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይኑር፤ ወንበዴው ቫይረስ ሲመጣ የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋልና። ለአንድ ሰርግ ስንት ብር ለድንኳን እንከፍላለን? የሰርጉ ትዝታ የሚያድርበትን ዲስክ ግን «ተወደደ» እንላለን።

ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ልወስደው አልፈልግም፤ ግን ይህ ልማድ ከኮምፒዩተር ቤት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። አዲስ ኃላፊ ሲሾም ያለፈውን ፋይል ሰብስቦ መጋዘን ያስገባል። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የድሮው እንዳለ ይጣላል። ምን ታመመ፣ የትኛው ክፍል ጤነኛ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ከዜሮ እንጀምር» ማለት እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ከዜሮ መጀመር ግን ብዙ ጊዜ መመርመር የሰነፈ ሰው የሚሰጠው ትልቅ ስም ነው። በሽታውን ያላወቀ ከዜሮ ቢጀምርም ያው በሽታ ይጠብቀዋል። ከነገ ወዲያ እንደገና ዜሮ!

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ልብስ ስፌት እንኳ ልኬታችንን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ኮምፒዩተር የሚጠግን ሁሉ አንድ ገጽ ወረቀት ይኑረው፤ ያገኘው በሽታ ስም፣ ከመነካቱ በፊት የተገለበጠው ፋይል፣ የተደረገው ሥራ፣ የተጫነው ሶፍትዌር ምንጭ ይጻፍበት። ፎርማት ካስፈለገም ባለቤቱ «ይህ ይህ እንደሚጠፋ ተነግሮኛል» ብሎ ይፈርም። ሐኪም ቤት ቢላ ከመነሣቱ በፊት እንፈርም የለ? ለምርመራው ደግሞ ክፍያ ይኑረው፤ እኛም ሳንነጫነጭ እንክፈል። አልድንም ያለውን ኮምፒዩተር «አልችልም» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ሁሉንም በሁለት ሰዓት ከሚያጠፋው ይሻላል፤ እሱንም እናክብር።

ይህን ወረቀት የሚያቀርብ ሱቅ እስኪመጣ ድረስ አንባቢዎቼ አንዲት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ላፕቶፓችሁን ከፌስታሉ ከማውጣታችሁ በፊት «ስሙ ማን ይባላል?» በሉ። ባለሙያው «የማን ስም?» ካላችሁ «የቫይረሱ» በሉት። «ቫይረስ ነዋ!» ካላችሁ ፌስታላችሁን ይዛችሁ ውጡ።